የሰንበቴው ተራዬ

ሰንበቴያችን በየእሑዱ ነው። ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለችው ዝቅ ያለች ቤት እንገባለን። ተራው የደረሰ አባል ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ከአጥሩ ሥር ያሉት ነዳያንም አብረውን ይቀምሳሉ። ከዚያ ወሬ ነው። ማን ታመመ፣ የማን ላም ወለደች፣ የማን ልጅ ታጨች፣ ሁሉም እዚያ ይታወቃል። ከመካነ ብርሃን በኩል ወደ ጎንደር ከወረድኩ ጀምሮ፣ ካልታመምኩ በቀር እሑድን እዚያ ሳልቀመጥ ያሳለፍኩበት ጊዜ የለም።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የመጀመሪያው ተራዬ ሲቃረብ ሙሴው ጠራኝ። ሙሴ የምንለው የሰንበቴውን አለቃ ነው። የእኔ እኩያ ሽማግሌ ነው፤ ጥብቅ ሰው፣ ሥርዓት የሚወድ።

«ዘንድሮ ተራህን እናልፍሃለን» አለኝ። «ሴት በሌለበት ቤት ጠላ ከየት ይመጣል? እንዲያው መጥተህ ብላ፣ ጠጣ።»

ለእኔ አስቦ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ተራ የሌለው፣ መጥቶ በልቶ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው እንግዳ ነው፤ አባል አይደለም። እኔ ደግሞ ከዚያ ቤት ሌላ አባል የሆንኩበት ቦታ አልቀረኝም።

«ተራዬን አልሰጥም» አልኩት።

«ማን ሊጠምቅልህ?»

«እኔው።»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ሙሴው አልሳቀም። «እንግዲያው ስማ» አለ። «ጠላህ አልጠጣ ካለ ስምህ ከተራው መዝገብ ይወጣል። ኋላ ቅር እንዳይልህ።»

እሺ አልኩ። ሦስት ሳምንት ነበረኝ፤ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሰሞን በጠዋት ተነስቼ አላውቅም። የድሮው ጋናችን ተሰንጥቆ ስለነበር ሸክላ ሠሪዎቹ ካሉበት ወለቃ ሄጄ ከመንገድ ዳር አዲስ ገዛሁ። በባጃጅ አቅፌው ስመለስ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ «አያ፣ ሙሽራዋን ጠበቅ አድርገው ይያዟት፤ መንገዱ ጎርባጣ ነው» አለኝ።

«አንተ ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ እሷስ አትኮበልልም» አልኩት።

ከቤቴ ሁለት ቤት አልፎ ጠላ የምትሸጥ ሴት አለች። አስተምሪኝ ብዬ ሄድኩ።

«ምነው አያ፣ በስተርጅና ደንበኞቼን ሊወስዱብኝ ነው?»

«ደንበኞችሽስ ይቅሩብኝ። ሙያሽን አሳዪኝ።»

«እኔ እጄን አልነካም» አለች። «ከኔ አፌ፣ ከአንቱ ጉልበትዎ። ኋላ እሷ ናት የጠመቀችለት እንዳይሉን።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽቼ አጠብኩት፤ በወይራ ጭስ አጠንኩት። ጌሾውን ወቅጬ ጠነሰስኩ፤ ሲደርስ ብቅሉን ጨመርኩ። ከዚያ የገብሱን ዱቄት በውኃ አርሼ በምጣድ ማመስ መጣ። ክንዴንም ጣቴንም ለበለበኝ። እሷ ከደጃፉ ቆማ «አያ፣ የያዙት እርፍ አይደለም፤ ቀለል ያድርጉት» ትለኛለች።

ያመስኩትን ከጥንስሱ ጋር ደፍድፌ ጋን ካስገባሁ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ሄጄ ጆሮዬን ጋኑ ላይ እለጥፋለሁ። ሲንተከተክ ስሰማ ለብቻዬ እስቃለሁ። አዲ አርቃይ ያለችው ልጄ ስትደውል ስልኩን ወደ ጋኑ አስጠጋሁላት።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚፈላው?» አለች።

«ተራዬ» አልኳት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ጎረቤቴ «በመጨረሻ ውኃ ጨምረው ያቀጥኑታል፤ ከዚያ አድሮ ይጠጣል» ብላኝ ነበር። እኔ በልቤ፣ ይቺ ነጋዴ ናት፣ ውኃ ማብዛት ልማዷ ነው አልኩ። ለሰንበቴ፣ ያውም ቄስ ለሚባርኩት፣ ውኃ ይዤ ልሂድ? አላደረግሁትም። ድፍድፉን እንደወፈረ አጥልዬ ጨመቅሁት። ሁለት እንስራ ብቻ ወጣልኝ። ጥቂት ቢሆንም ሸጋ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

እሑድ ደረሰ። ዳቦውን ጎረቤቴ ጋግራልኛለች፤ ይህን ለማንም አልደበቅሁም። ቄሱ ባረኩ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ለሙሴው ቀዳሁ። አየው፣ አሸተተው፣ ተጎነጨ። እንደገና ተጎነጨና ዋንጫውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ድገመኝ» አለ።

ከዚያማ ቤቱ ሞቀ። ከብቶቼን ላጠጣ እያለ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣው ሰው ጋቢውን አውልቆ ተደላደለ። ሌላው ጊዜ ጫወታ ሲበዛ «ሥርዓት» እያለ የሚቆጣን ሙሴ ራሱ በጎልማሳነቱ ስለገዛት በቅሎ ጀመረ፤ ጨረሰና ከመጀመሪያው ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ሁለት ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው አንቀላፍተዋል። እኔ ጠላዬ ተወደደልኝ ብዬ መሬት አልበቃኝም።

ጎረቤቴ ከሴቶቹ በኩል ተቀምጣ ነበር። ቀመሰችና ቶሎ አስቀመጠችው።

«አያ፣ ውኃውን መቼ ጨመሩት?»

«አልጨመርኩም።»

«ምነው?»

«የንግድ ብልሃትሽ መስሎኝ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እኔን ከቀጣፊ ቆጥረው ሰንበቴውን በሙሉ አሰከሩት» አለች። ቤቱ ሁሉ ሰማት፤ ጫወታውም ተቋረጠ። ያኔ አለቀልኝ አልኩ። ዓይኔ ከሙሴው ላይ ቀረ።

ሙሴው በምርኩዙ ሊነሳ ሞከረ፤ አልሆነለትም፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እዚያው ሆኖ ተናገረ።

«እኔ ያልኩት አልጠጣ ካለ ነው» አለ። «ይኼ ተጠጥቷል። ተራው የራሱ ነው፤ መዝገቡ ላይ እንዳለ ይኑር። የውኃውን ነገር ግን ይቺ ሴት ትቆጣጠረው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ያንቀላፉትም ነቁ። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ እንደ ጎረምሳ ብድግ ብዬ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ውኃ ሞልቼ ስመለስ ጎረቤቴ እንስራው አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። ማፍሰስ ጀመርኩ።

«ይጨምሩ» ትላለች።

«በቃ፣ በቃ» ይላሉ ሽማግሌዎቹ ከኋላ።

«ይጨምሩ አያ፣ አይስሟቸው።»

«እባክህ ወንድሜ፣ አታጥፋብን» አለ ሙሴው።

እኔም አንዴ እሷን አንዴ እነሱን እያየሁ፣ እየሳቅሁ አፈሰስኩ።