ዘይነብ በሽቦ የሠራችው ኢንዛይም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለባሌም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንምና አንባቢዬ፣ ዛሬ ተራው ያንተ ነው። ብትስቅ አልቀየምህም፤ እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን እንደ ጊዜው ሁሉ በአንድ ለአምስት ተደራጅተን ነበር። መሪዋ እኔ ነኝ፤ የፓስተር ልጅ፣ አፈ ጮሌ። እጀ ብልሃተኛዋ ግን የገራዶዋ ዘይነብ ነበረች። የባዮሎጂ መምህራችን ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ቤት ለሳይንስ ውድድር ሞዴል እንድንሠራለት አንድ ሥዕል አሳትሞ ሰጠን፤ በድንች ውስጥ ስኳርን እርስ በርስ እያያያዘ ስታርች የሚሠራው ኢንዛይም ቅርጽ ነው። ሁለት ጉብታ አለው፤ ስኳሩ የሚገባው በመካከላቸው ባለው ጠባብ ስንጥቅ ነው። ዘይነብ ሽቦ እየጠመዘዘች፣ ዶቃ እየሰካች ሦስት ሳምንት ለፋችበት። "ወላሂ፣ ድንች እንዲህ የሚያደክም አይመስለኝም ነበር!" ስትል በሳቅ እንሞታለን። እንዴት ያለ ደስ የሚል ጊዜ ነበር!

መምህራችን፣ ካሸነፍን ባሕር ዳር ለክልሉ ውድድር የምትሄደው ሠሪዋ እንደሆነች ነግሯት ነበር። ዘይነብ ከኮምቦልቻ አልፋ አታውቅም ነበር። አባቷን ለምና አስፈቅዳ፣ ጫማ ሁሉ ተውሳ ነበር።

ለመጀመሪያው ዙር ውድድር ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሞዴሉን እኔ ያዝኩ፤ መሪ ነኛ! ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጠማዘዝ ንግግሬን እያጠናሁ ክንዴን ተደገፍኩበት። ስንጥቁ ብርግድ አለ። ልመልሰው ብል ሽቦው እምቢ አለኝ። ምን አደረግሁ? ሹራቤን ጣል አደረግሁበት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ ነኝ የደበቅሁት።

ዳኛው ሥዕሉን አይቶ "የእናንተ ለምን ተከፈተ?" ብሎ ዘይነብን ጠየቃት። የገዛ ሥራዋን እያየች አፏ ተሳሰረ። እኔ ቀደም ብዬ "ስኳር ሲጠብቅ ይከፈታል፣ ሲይዝ ይዘጋል፤ ሆን ብለን ነው!" አልኩ። ከየት አመጣሁት? እንጃ! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አሸነፍን። መምህራችንም የሠራችውን ማስረዳት ካልቻለች ብሎ ባሕር ዳር እኔን ላከኝ። ሄድኩ፤ ጣናንም አየሁ፤ ደስም አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነብ ኢንዛይሙ ለካ የምር ይከፈታል፣ ይዘጋልም! ከቤተ መጻሕፍቱ እስኪያስወጡኝ ሳቅሁ። ታዲያ ይህ ነጻ ያወጣኛል? በፍጹም። ኢንዛይሙ ልማዱ ነው፤ እኔ ግን ዋሽቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ ተገናኘን። አሁን እሷም ባዮሎጂ ታስተምራለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አጂብ እኮ ነው! እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ እኔ ሳላውቀው አንቺ ያኔ አውቀሽው ነበር። ባሕር ዳር መሄድሽ ሐቅሽ ነው፤ ቅር ብሎኝ ስለነበር አውፍ በይኝ" አለችኝ።

እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀች! እኔም "ኧረ ምንም አይደል" ብዬ ሳምኳት።

ዘይነብዬ፣ ምንም አላውቅም ነበር። ክንዴ ነው።