አራሷ እንዳትሰማ

ትናንት ከሰዓት ከሥራ ወጥቼ አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። እዚሁ መርሳ ነው። አራሷ ዘሀራ ትባላለች፣ እኔ የወልድያ ልጅ ለሥራ ወደዚህ ስመጣ መጀመሪያ የተወዳጀሁት ከሷ ጋር ነው።

በሩ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ጥቁር ሻሻቸውን እየፈቱ ፌስታል ውስጥ ይከታሉ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ያስራሉ። የመጡት ከለቅሶ ነው። የሞቱት የዘሀራ እናት ናቸው... እማ ሐሊማ። ልጃቸው ግን አታውቅም።

ለአራስ መርዶ አይነገርም። ወተቷ ይነጥፋል ይባላል። ስለዚህ ለቅሶው ከተማው ዳር አጎቷ ቤት ተቀመጠ፣ እዚህ ደግሞ ገንፎው ይገነፋል። አንዷ ጎረቤት እጄን ይዛ «ፊትሽን ታጠቢና ግቢ፣ ዓይንሽ ያስታውቃል» አለችኝ። ከጀሪካኑ ቀድታ ራሷ አስታጠበችኝ።

እማ ሐሊማ ከገጠር የመጡት የልጃቸውን ወሊድ ብለው ነበር። አፈራራቸው ለጉድ ነው! ታናሽ እህታቸው ድሮ በምጥ ተይዛ፣ በቃሬዛ እንደተሸከሟት መንገድ ላይ ነው ያለፈችባቸው። የዘሀራ ሆድ በገፋ ቁጥር የሳቸው እንቅልፍ ጠፋ። «ኧረ እማ፣ ያ ድሮ ነው፣ ዛሬ ክትትል አለ» ስላቸው «አንቺ ወልደሽ አታውቂ!» ብለው አፌን ያስይዙኛል። እውነታቸውን ነው፣ አላውቅም።

ምጡ ሲጀምራት ዘሀራ እንደ አገሩ ወግ ያገኘችውን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» አለች። ይቅር በሉኝ ነው፣ ምናልባት ካልተመለስኩ ዓይነት። እኔንም አለችኝ። እናቷ «አውፍ ብያለሁ ልጄ፣ አውፍ ብያለሁ» እያሉ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ደግፈን ባጃጅ ላይ አወጣናቸው። ታማሚዋ የትኛዋ እንደሆነች ሾፌሩም ግራ ገባው።

ጤና ጣቢያ አዋላጇ አረጋጋቻቸው። «እናቴ፣ ወሊድ አያስፈራም አልልዎትም። እንዲያውም ፈርታችሁ ወደዚህ በማምጣታችሁ ደግ አደረጋችሁ። ግን ክትትሏን አላቋረጠችም፣ ሁሉ ነገሯ ደህና ነው። ከሷ ይልቅ እርስዎ ሲመላለሱ ያንን አስፋልት ግራ ቀኝ አይተው ይሻገሩ» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። አስፋልት ማን ይፈራል? በየቀኑ የምንሻገረው ነገር ነው።

ዘሀራ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ። እማ ሐሊማ መሬት ሳሙ፣ አለቀሱ፣ በእድሜያቸው ሁሉ የተሸከሙት ፍርሃት የወረደላቸው መሰሉ። ከዚያ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ «ለገንፎው ቅቤ ላምጣ» ብለው ወጡ... አስፋልቱን ሲሻገሩ ባጃጅ ገጫቸው። እዚያው አረፉ።

ቅቤ ሊገዙ ሲወጡ ማንንም አውፍ በሉኝ አላሉም። ማን ይላል?

እንግዲህ ይህን ሆዳችን ውስጥ ይዘን ነው ተሳስቀን የገባነው። አንዷ ሕፃኗን ታቅፋ «አፍንጫዋ የአባቷ ነው፣ አላህ ይታረቃት እንጂ!» አለች፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ገንፎዬ ላይ አቀረቀርኩ። ዘሀራ «እማ ቆየችሳ?» ስትል ባሏ ሰይድ ፈጠን ብሎ «ሲሪንቃ ሂዳ የለ፣ አክስትሽ ታማባት» አላት። «እሺ» አለች። ሕፃኗን አጠባች።

ሴቶቹ ሲወጡ፣ ሰይድም ሊሸኝ ሲከተላቸው፣ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። ልነሳ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ተቀመጭ። አንቺ ስትዋሺ ያስታውቅብሻል፣ ለዚያ ነው ሳታናግሪኝ የዋልሽው» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ምኑን ነው...»

«እናቴ እኔን አራስ ጥላ፣ ሲሪንቃ ቀርቶ መካ ብትጠራ አትሄድም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን እማ ለቅቤ ወጥታ፣ ሰይድ ብቻውን ባዶ እጁን ሲገባ ነው ያወቅኩት። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም። ማን አጠባት? የናቴን ጀናዛ ማጠብ የኔ ነበር...»

ሴቶቹ እንዳልናገር አስምለውኛል። ግን ዓይኗን እያየሁ እንዴት እምቢ ልበላት? «የአጎትሽ ሚስት ናት ያጠበቻቸው፣ ከሁለቱ አክስቶችሽ ጋር። ብዙ ሰው ሰገደባቸው። አልተሰቃዩም ዘሀራ... ወዲያው ነው» አልኳት።

ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ መጣ፣ በሻሿ ጫፍ ቶሎ አደረቀችው።

«ታዲያ ለምን ዝም ትያለሽ? አልቅሺ እንጂ!»

«ሰይድን አላየሽውም? እኔ እንዳልሰማ ሲል ነው ቆሞ የሚሄደው። ከሰማሁ አብሮኝ ይወድቃል። ደሞ እማ እኔ ላይ ክፉ እንዳይደርስ ፈርታ ፈርታ ነው የሞተችው። አሁን ወተቴ ነጥፎ ልጅቷን አንድ ነገር ቢያገኛት፣ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?»

የሰይድ እግር ተሰማ። አጥሚት በኩባያ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ገባ። ምስኪን፣ ፈገግታው ከጥርሱ አያልፍም።

«እማ ደውላ ነበር» አላት። «ሰላም በልልኝ፣ መጣሁ ብላለች።»

ዘሀራ ኩባያውን ተቀበለችውና ቀና ብላ አየችው።

«ሰላም በልልኝ» አለችው። «ደህና ነኝ፣ ስለኔ አታስቢ በላት።»

ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች...

እዚያ ቤት እንደ ልቧ የምታለቅሰው እሷ ብቻ ነች።