የእሁድ ፍሬን

ልጆቹ ካልነገሩን ብለው ያዙኝ። ነገሩ የተነሳው ባለፈው እሁድ ነው። የልጅ ልጄ ናሆም ከድሬዳዋ ሲመጣ መንገድ ላይ ፍሬኑ ደስ አላለውም ኖሮ፣ መኪናውን ደጄ አቁሞ ከሥሯ ገባና፣ በአጠገቡ ሌላ ሰው ስላልነበረ «እማማ፣ እስኪ ይግቡና ፍሬኑን ይርገጡልኝ» አለኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ገባሁ። ረገጥኩ፣ ያዝኩ፣ ለቀቅኩ፣ ደግሞ ረገጥኩና «ቱቦው አላበጠም?» ብዬ ብጠይቀው ጭንቅላቱን አውጥቶ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከቤት ብቅ ያለችው እህቱ በሳቅ ፈረሰች። «ወይኔ፣ እማማ ጋራዥ ነበራቸው እንዴ!» እኔ ግን አልሳቅኩም። ያ የፍሬን ዘይት ሽታ፣ ጣፈጥም መረርም የሚለው፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ከእነሱ መሀል ወስዶኝ ነበር።

አባቴ ባለ ታክሲ ነበር። ከሐረር ሸዋ በር ሰው ጭኖ በደንገጎ ቁልቁለት ድሬዳዋ ያወርዳል፣ ከዚያ ጭኖ ይመለሳል። እናቴ ስትሞት እኔ ገና ጀርባ ላይ የምታዘል ልጅ ነበርኩና ፊቷን አላውቀውም። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከአዲሱ ከተማ በኩል፣ ግቢው ዘመም ያለ አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝም ያለ ሰው ነበር እንጂ። ጠዋት ሳልነቃ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ጫማውን አውልቆ ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል። ውሃ ቀድቼ፣ ቤት ጠርጌ፣ ቀኑን ሙሉ ከዶሮዎቹ ጋር ሳወራ ውዬ እሱ ሲመጣ የማወራው ያልቅብኛል፤ ወይም እንዴት እንደሚጀመር ይጠፋኛል።

እሁድ ግን ሌላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁርስ እንደቀመስን አባቴ የጥበቃ ካፖርት የመሰለውን የሥራ ልብሱን ይለብስና ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ ያስደግፋል፣ ጆንያ ያነጥፋል፣ የእጅ ባትሪውን ይዞ በጀርባው ከመኪናዋ ሥር ይገባል። እኔ መሪው ጋ እቀመጣለሁ። እቀመጣለሁ ልበል እንጂ እግሬ ስለማይደርስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንሸራትቼ፣ መሪውን ከሥር አንቄ፣ ጣሪያውን ብቻ እያየሁ ነው የምረግጠው። ከዚያ ድምፁ ከእግሬ ሥር ይመጣል። «ርገጪ!» እረግጣለሁ። «ያዢ፣ ያዢ... ልቀቂ!» እለቃለሁ። «ወደ ግራ ጠምዝዢው እስኪ።» በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ እጠመዝዛለሁ።

እዚያ ተኝቶ ነው ሁሉን ያስተማረኝ። ዘይቱ በብረት ቱቦ ይመጣል፣ ጎማው ጋ ሲደርስ ግን መሪ በዞረ ቁጥር መተጣጠፍ ስላለበት ጣት የምታህል የላስቲክ ቱቦ ትቀጠላለች፤ የሰው ነፍስ ያለው እሷ ላይ ነው ይለኝ ነበር። ጭቃዋን በጨርቅ ይጠርጋል፣ በአውራ ጣቱ እያጠፈ እንደ ተረከዝ ንቃቃት መሰንጠቅ አለመሰንጠቋን ያያል፣ መጋጠሚያው ረጥቦ እንደሆነ ጣቱን ነክሮ ያሸታል፣ መሪው ሲዞር ከጎማው ጋር መፋተግ አለመፋተጓን ያያል። እኔ ስረግጥ ደግሞ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ካበጠች አለቀላት፣ ትቀየራለች። በዚያው መሀል የተሳፋሪውን ወሬ ያጫውተኛል፤ ደንገጎ ላይ ፍየሏ ከጭኗ አምልጣ እሱ ጭን ላይ የተቀመጠችባትን ሴትዮ፣ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱአ የሚያደርጉትን የጀጎል ነጋዴ። አባቴ የሚናገረው ሲተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ሰሞን ማታ ማታ ቶሎ እንዲያወራ ብዬ ቶሎ አነጥፍለት ነበር፣ እሱ ግን ወዲያው ያንኮራፋል።

አንድ እሁድ ስረግጥ እግሬ ዝም ብሎ ወረደ። ለስላሳ ነው፣ ሊጥ የረገጥኩ መሰለኝ። «አባዬ፣ ዛሬ ለስልሷል» አልኩት። ከሥር ብረት መታ መታ አደረገ። «አባዬ!» ስል «እስኪ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «ጎሽ የኔ ልጅ! አብጧል። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» አለና ወጥቶ በዘይት እጁ ጉንጬን ያዘኝ። በማግስቱ መኪናዋ ከኤረር በር ወጣ ብሎ ጋራዥ ያላቸው፣ በሐረሪ ወግ በአክብሮት አው የምንላቸው አው ዩስፍ ዘንድ ቆማ ቱቦዋ ተቀየረች። ሰፈሩ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም።

ወር ሳይሞላ አክስቴ ጥሩወርቅ ከድሬዳዋ መጣች፤ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ ልጅ የላትም። የትምህርት ቤት ልብስ አሰፍታልኝ ይዛ ነው የመጣችው፣ ሰማያዊ። እኔ በር ጥግ ቆሜ ልብሱን እያየሁ እሰማለሁ።

«አንተ ሰው፣ ይቺ ልጅ ከዶሮ ጋር እያወራች ልታድግ ነው? ስጠኝ፣ ላስተምራት!»

አባቴ ግድግዳውን እያየ «እሷ ከሄደች ፍሬኑን ማን ይረግጥልኛል?» አለ።

«አቦ አታሹፍብኝ! ለፍሬን ብለህ ነው ልጅ የምታደነቁረው?»

«የቱቦውን ማበጥ ያገኘችው እሷ ናት። እሷ ባትኖር ደንገጎ በልቶኝ ነበር።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ልብሱን አየሁት። አባቴን አየሁት፣ ቀና አላለም። «ፍሬኑን ማን ይረግጥለታል?» አልኩ። ልብሱን ጠቅልላ እያለቀሰች ሄደች።

ሐረርስ ትምህርት ቤት መቼ ጠፋ፤ ግን ቤት የሚጠብቅ፣ ውሃ የሚቀዳ አልነበረም። ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ደብተር ይዘው ሲያልፉ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ፣ እነሱ የአባታቸውን ነፍስ አልያዙም እል ነበር። በዚያ ኩራት አደግኩ፣ በዚያ ኩራት አገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፣ እሱም እየተንገዳገድኩ። ዛሬ ልጆቼ በየአገሩ ተበትነዋል፣ ናሆምም እሁድ ከሰዓት መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ግቢው ያው እንደዘመመ ነው። በሬን ዘግቼ ስቀመጥ የሚያዘኝ ድምፅ የለም፤ ርገጪ የሚለኝ የለም፣ ልቀቂ የሚለኝ የለም።

አባቴ ያረፈው እኔ ትልቅ ሴት ሆኜ ነው። አው ዩስፍ አርጅተው፣ በልጃቸው ተደግፈው ለቅሶ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አሉኝ። እኔም ሰው ሁሉ እንዲሰማ ያን የቱቦ ነገር አነሳሁ፣ አባቴን እንዴት እንዳተረፍኩት። አው ዩስፍ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ እሱ መኪናዋን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሌ እኔ ዘንድ አሳይቶ ነበር የሚገባው። ያኔም ቱቦው ማበጡን ቅዳሜውኑ አይቼ እዚሁ ተዋት፣ ልቀይርልህ አልኩት። የለም፣ ሰኞ አመጣታለሁ፣ ነገ ልጅቷ ራሷ ታግኘው ብሎኝ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለ ይዟት ሄደ።»