ተረኛ የሌለበት ቤት

ጎረቤቴ ናት። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ የኔ ጆሮ ደግሞ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ስለዚህ ይህን ወሬ ሰው ነገረኝ አልልም። ግማሹን ከራሷ አፍ፣ ግማሹን ከግድግዳው ነው ያገኘሁት።

የነርስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ነው ሰፈሩ «ሲስተር» ብሎ የሾማት። እናቷን ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዟቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ማጠቡም፣ ማገላበጡም፣ ማብላቱም፣ ፖፖ መድፋቱም የሷ ሆነ። ታላቅ ወንድም አላት። ሰፈሩ «ስብሰባ» ይለዋል፤ ሁልጊዜ አለ፣ የሚወጣው ነገር ግን የለም። እናቱ ሲያቃስቱ «ሲስተር! እማዬ ትጠራሻለች!» ብሎ ይጮኻል። እሱንና አልጋውን የሚለያቸው እኮ አንድ መጋረጃ ነው!

አክስትየዋ ደግሞ እሑድ እሑድ ሽቶዋን አርከፍክፋ ብቅ ትልና፣ አልጋውን ሳትጠጋ «ውይ፣ እጅሽ የተባረከ! ለነርስነት እኮ ነው የተፈጠርሽው!» ትላለች። ትርጉሙን ልንገራችሁ፦ «የኔ እጅ እንዳይነካ» ማለት ነው። ሰው ሸክም ሊጭንባችሁ ሲያስብ መጀመሪያ ትከሻችሁን ያደንቃል።

ልጅቷ ትምህርቷን ስትጨርስ ዘመድ ተቀምጦ ወሰነላት፤ ነርስ ትሁን። ስብሰባም ንግግር አደረገ። «እማዬም በባለሙያ ትታያለች፣ እኛም እናርፋለን።» እናርፋለን! ከምኑ?

እሷ ግን ቧንቧው ሥር አንሶላ እያጠበች፣ «እትዬ፣ እዚህ ፖፖ፣ እዚያ ፖፖ! ሰኞ ካልተመዘገብኩ ዕድሉ ያልፈኛል፤ ከተመዘገብኩ ደግሞ ዕድሜዬ ያልፋል» አለችኝ።

«ለመሆኑ ሥራውን ትወጂዋለሽ?»

«እሱን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

ትምህርት ቤቱ ለሚያመነታ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ሥራውን እንዲያይ ይፈቅዳል። ሄደች። እናትየዋን እስክትመለስ ማን ጠበቀ? እኔ ነኛ! ስብሰባ እንደሆን አጀንዳው አልደረሰውም።

እዚያ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ወጪዋ ነርስ ገቢዋን ይዛ ከአልጋ አልጋ ትዞራለች። እኚህ ታጥበዋል፣ እኚህ አልበሉም፣ እኚህ ደግሞ በግራ ጎናቸው ይገላበጡ። ርክክብ ይሉታል። ከዚያ ወጪዋ ጋዋኗን ሰቅላ እብስ ነው። የኛዋ ግን ርክክቡ አልቆም ማንኪያ ይዛ አንዲት አሮጊት አጠገብ ተገትራ ቀረች። የክፍሉ ኃላፊ አየቻት።

«አንቺ፣ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አልበሉም እኮ፣ ሲስተር።»

«ተረኛዋ ታበላቸዋለች።»

«ከረሳችስ?»

«ተጠያቂዋ እሷ ናት። ማንኪያውን ስጫትና ሂጂ። ቤት የለሽም እንዴ?»

«ቤትማ አለኝ። ተረኛ ነው የሌለው» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ኃላፊዋ አላባበለቻትም። «የጠላሽው ሥራውን ነው ወይስ ብቻሽን መሥራቱን? እሱን ለይተሽ ተመዝገቢ፤ ወይም ተይው» አለቻት።

እሑድ አክስትየዋ እንደልማዷ ስታንቆለጳጵሳት በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ልጅቷ ገባች።

«ጋሼ፣ ተነሥ። ርክክብ አለብን።»

«የምን ርክክብ?» ብሎ ሳቀ ስብሰባ።

«ታካሚዋ እናትህ ናት። ቀኝ ጎኗ አይሰማትም፤ በግራ በኩል አብላት። ውሃ ስትጠጣ ቀና አድርጋት፣ እንዳያንቃት። ፖፖው አልጋው ሥር ነው። ስታነሣው ፊትህን አታጨፍግግ፤ ታፍራለች። እኔ ነገ እመዘገባለሁ፤ ወድጄው ነው። ትምህርት ላይ ስሆን ቀኑ ያንተ፣ ማታ የኔ፣ እሑድ የአክስቴ።»

«የኔ? እኔማ ይሄ ወገቤ...»

«አክስቴ፣ እጅሽ እኮ የተባረከ ነው።»

እኔ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ የስብሰባ ድምፅ መጣ፤ «ማንኪያው የት ነው የሚቀመጠው?» በተወለደበት ቤት! ጢም አውጥቶ፣ አግድሞ እየተኛ፣ ሦስቴ እየበላበት፣ ማንኪያው የት ነው ይላል!

የመለሱለት እናቱ ናቸው፣ በዚያች በቀረችው ግማሽ አፋቸው።

«መሳቢያው ውስጥ። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።»