ቤቱን የለመደ ሮቦት

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ውስጥ በድሮ ሰፈሬ ሳልፍ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝና ሳቄ መጣ።

የሰፈራችን የሮቦት ቡድን የተወለደው እዚያው፣ ጋሽ ሁሴን የሚባሉ መካኒክ የባጃጅ ጋራዥ ውስጥ ነው። አራት ልጆች ነበርን። ሮቦታችን ቀጥ ብሎ መሄድ እምቢ አለን፤ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያደላል። ወር ሙሉ ታገልን፤ በመጨረሻ የቀኙን ጎማ አፍጥነን አቃናነው።

የውድድሩ ቀን ጋሽ ሁሴን ኮታቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሮቦቱ ገና ሲለቀቅ ወደ ግራ ታጥፎ የዳኞቹ ጠረጴዛ ስር ገባ። ታዳሚው አውካካ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ሲል ጋሽ ሁሴን ከሁሉም በላይ ይስቃሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ልጆቼ! ዘይቱ ወደ ቦዩ እንዲወርድ ብዬ ወለሉን ወደ ቀኝ ያዘነበልኩት እኔ ነኝ። ሮቦታችሁ ቤቱን ነው የለመደው።»

ከሰዓት ጋራዡ ወስደን ለቀቅነው። ቀጥ ብሎ ሄደ። «አያችሁ? ቤቱ ሲገባ ሰው ነው!» ብለው አጨበጨቡለት።

ቅዳሜ ወደ ጋራዡ ጎራ አልኩ። ወለሉ እንደነበረ ነው። መሬት ላይ ያገኘሁትን አሮጌ ኩሽኔታ አንከባለልኩት። ወደ ቀኝ ታጥፎ ቦዩ ውስጥ ገባ።

ጋሽ ሁሴን ስለሌሉ እኔው አጨበጨብኩለት።