በቂጤ የወረድኩት ደረጃ

የተስፋይቱን ምድር እንደረገጥን ሰሞን ፔታህ ቲክቫ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አስቀመጡን። አንድ እግሬ እንደማይታጠፍ እያዩ ሦስተኛ ፎቅ ሰጡኝ። ታች ይሁንልኝ ብል «አሳንሰር አለልሽ» አሉኝ። እኛ በሰንበት እሳት አንነካም፤ አሳንሰሩ ደግሞ በጣት ሲጫኑት መብራት ይበራል!

ሰንበት ጧት፣ ታች ለጸሎት ለመድረስ ደረጃውን ሁሉ በቂጤ እየተንፏቀቅሁ ወረድኩ። የጸሎት ቆብ ያደረገው እንግዳ ተቀባይ ሳቀ።

«አሳንሰሩን እኔ ልጫንልሽ ይልሻል» አለች ቋንቋቸውን የምታስተረጉምልኝ ልጄ።

«ቆብ አድርገህ ሰንበት ትሽራለህ? በዪው!» ደሜ ፈላ።

ከጸሎት በኋላ እሱ ፊት ያለው ሶፋ ላይ ተዘረጋሁ። «ታች ክፍል ካልሰጠኝ ንቅንቅ አልልም» አልኩ። ሰንበት ሲወጣ የታች ክፍል ቁልፍ አመጣ።

«እምዬ፣ ቶዳ በዪው እንጂ» አለች ልጄ።

«መጀመሪያ እንደኔ በቂጡ ይውረድ፤ ያን ጊዜ አመሰግነዋለሁ» አልኳት።