የመጀመሪያው ቀን አይቆጠርም

በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። መታጠቢያ ቤት ያስቀመጥነውን እንስሳ በሦስት ቀን ውስጥ ካላስወጣን አፓርትመንቱን እንድንለቅ ይላል። እንስሳው አክስቴ ለፋሲካ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ከተማ ወጣ ካለ እርሻ ከነነፍሱ ያስመጡት አውራ ዶሮ ነው። ገንዳው ውስጥ ቆሞ ማለዳ ማለዳ ይጮኻል፤ ገንዳው ደግሞ ድምፁን ያጎላዋል።

"ለሰው እንስጠው" አልኩ።

"ለማን? የሕንፃውን ማናጀር የማይፈራ ማን አለ?" አሉ አክስቴ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩ። "ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። አለቀ! ከፋሲካ በፊት ደግሞ ቢላዋ አላነሳም። ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው።"

እኔም አልተጠራጠርኩም። ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ሦስት ቀን የምንለው ዓርብን አንድ ብለን ነው።

ዴንቨር ፍርድ ቤቱ ውስጥ ማንም ገብቶ የሚያነብበት የሕግ ላይብረሪ እንዳለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገረችኝ። ዓርብ አክስቴ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ እኔ መዝገበ ቃላቴን ይዤ በኮልፋክስ ጎዳና በሚያልፈው አውቶቡስ ወደዚያ ወረድኩ።

የላይብረሪዋ ሠራተኛ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። "ሕግ" አልኳቸው። ሌላ ቃል አልወጣልኝም። እሳቸውም ግድግዳውን ሙሉ የያዘ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተደረደረ የሕግ ኢንሳይክሎፒዲያ አሳዩኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ ቄስ ትምህርት ቤት። ዳዊትን ከመሃል የሚጀምር ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አንደኛውን ቅጽ አወረድኩና ከገጽ አንድ ጀመርኩ።

የሚያወራው ስለ ተጣለና ስለ ጠፋ ዕቃ ነበር። መዝገበ ቃላቴን እያገላበጥኩ ብዙ ሰዓት አነበብኩ። ሰው ብዙ ነገር ይጠፋበታል። ዶሮ የጠፋበት ግን ማንም የለም።

ሴትዮዋ መጥተው "ምን ያህሉን ልታነቢ ነው?" አሉኝ።

"ሁሉንም።"

"ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዘጋለን።"

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አነበቡት። "እንስሳው ምንድን ነው?"

"ዶሮ።"

"እስከ መቼ ይቆያል?"

"እስከ እሑድ።"

"ከዚያስ?"

እጄን አንገቴ ላይ አሳለፍኩ። ወረቀቱን መለሱልኝ። "እንግዲያው የምትፈልጊው 'እንስሳት' የሚለውን አይደለም፤ 'ጊዜ' የሚለውን ነው" ብለው ወደ መደርደሪያው መጨረሻ ወሰዱኝ።

እዚያ ተጽፏል። ማስጠንቀቂያው የተሰጠበት ቀን አይቆጠርም፤ የመጨረሻው ቀን እሑድ ከዋለ ወደ ሰኞ ይሻገራል። ሴትዮዋ ከመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ኪስ ቀጭን ጥራዝ መዝዘው አዩ። መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ የተለወጠ ነገር የሚገባው እዚያ ነው። የተለወጠ የለም። ኢንሳይክሎፒዲያው ወደ ሕጉ ይመራል እንጂ ራሱ ሕግ አይደለም ብለው የግዛታችንን የኮሎራዶን ሕግም በሌላ መጽሐፍ አወጡልኝ። ኮፒ ማሽኑን መጠየቅ አፍሬ ሁሉንም በእጄ ገለበጥኩ።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳቸው።

"የመጀመሪያው ቀን አይቆጠርም? ታዲያ ጌታ የተነሣው ሰኞ ነው ልትዪኝ ነው?"

"እነሱ እንደዚህ ነው የሚቆጥሩት፤ እኔ ምን ላድርግ?"

"በስቅለት ቀን ሄደሽ የተማርሽው ይሄን ነው!"

ቅዳሜ ማናጀሩ አንኳኳ። በጣቱ ቆጠረ፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ቁርጥ አክስቴን። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ የገለበጥኩትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት።

"ጠበቃ አላችሁ እንዴ?" አለ።

"ምን አለ?" አሉ አክስቴ።

"ጠበቃ አላችሁ ወይ ነው የሚለው።"

"አዎ፣ ገንዳ ውስጥ ነው በይው።"

"አዎ" የሚለውን ብቻ ተረጎምኩ። ወዲያው ዶሮው ጮኸ። ማናጀሩ "እስከ ሰኞ" ብሎ ሄደ።

ሰኞ ፎርም ይዞ መጣ። መታጠቢያ ቤት ገባ፤ መጋረጃውን ገለጠ፤ ጎንበስ ብሎ ባዶውን ገንዳ አየ። ፎርሙ ላይ ምልክት አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

"የት ሄደ?"

ለዚህ የገለበጥኩት ነገር አልነበረኝም። በጣቴ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት አሳየሁት።